ላስቲኩ ያልተላጠው ማሽን

ኤሌክትሪክ ለዓለም ብዙ ውለታ ውሏል። ከተማ አብርቷል፣ ባቡር ጎትቷል፣ በሳዑዲዎቹ ከተሞች ደማምና ኹበር ላይ ደግሞ ሰው በበጋ ተቀቅሎ እንዳይቀር ኤሲ አዙሯል። እውነተኛ ክብሩን ያገኘው ግን በሰሜን ኹበር፣ በአንድ የግል ሆስፒታል፣ በለታ ግራ እግር ላይ ነው። የሆስፒታሉን ስም የማንጠራው ሌሎች ሆስፒታሎች በቅናት እንዳይታመሙ አዝነን ነው።

ለታ የወለጋ ልጅ ነው። በየመን በኩል ገብቶ፣ ያለ ኢቃማ፣ ማለትም ያለ መኖሪያ ፈቃድ፣ አል ራዋቢ ሰፈር ውስጥ ለሚሠራ ቪላ ብሎኬት ሲያቀብል ግድግዳ ተደርምሶበት ቅልጥሙ ተገሸለጠ። አጥንቱ በግልጽ ይታይ ነበር። ብዙ የማይናገሩት ሽማግሌ ቀዶ ሐኪም ከባቱ ላይ ቆዳና ሥጋ ሥሩን ሳይለቅ አዙረው አጥንቱን አለበሱለት። ከዚህ በኋላ ያለውን በአማርኛ የነገረችው የክፍሉ ረዳት ነርስ ሸዋረጋ ናት።

"ደም እስከ ዳሩ ከደረሰ ቆዳው ይይዛል" አለችው። "ካልደረሰ ይጠቁራል።"

"ከጠቆረስ?"

"እሱን አሁን አታስብ።"

"ይቆረጣል ማለት ነው?"

"እግርህን ከፍ አድርገህ ተኛ። ሲጋራ እንዳላይብህ። ጸልይ ደግሞ።"

ከፍ ማድረግ፣ አለማጨስና መጸለይ ኋላ ቀር ሕክምና መሆኑን ሆስፒታሉ ወዲያው ተገነዘበ። ሙዲሩ፣ ማለትም ዋና ሥራ አስኪያጁ፣ ዱባይ ኤግዚቢሽን ደርሰው ሲመለሱ ነርቭ የሚያነቃቃ ማሽን ይዘው መጡ። ከሬዲዮ ያነሰ ሳጥን ነው፤ ሁለት ሽቦ አለው፤ በሽቦዎቹ ጫፍ ላይ ተለጣፊ ንጣፎች አሉ። ንጣፎቹ ቆዳ ላይ ይለጠፋሉ፣ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያልፋል፣ ነርቭ ሲነቃ የደም ሥር ይከፈታል፣ ደም እስከ ተዛወረው ቆዳ ዳር ይሄዳል። ሐሳቡ መልካም ነው። ማንኛውም ሐሳብ ሆስፒታሉ በር እስኪደርስ ድረስ መልካም ነው።

ማሽኑን እንዲያንቀሳቅስ የተሾመው ኤልያቄም ነበር። ኤልያቄም የፊዚዮቴራፒ ቴክኒሻን ነው፤ አል ሙሐመዲያ ሰፈር ውስጥ መጋረጃ ዘግተው፣ ድምፅ ቀንሰው በሚጸልዩት ክርስቲያን ወገኖች ዘንድ ግን "ዶክተር" ይባላል። ስህተቱን አርሞ አያውቅም፤ የወገንን አክብሮት መመለስ ነውር ነዋ።

ይህ ሰው ያደገው ሪሞት በፌስታል ተጠቅልሎ በሚኖርበት፣ ሶፋ ከሱቅ የመጣበትን ላስቲክ እንደለበሰ በሚያረጅበት ቤት ነው። ሙዲሩም ቢሆኑ የቢሯቸውን ወንበሮች ላስቲክ አላነሱም፤ እንግዳ ሲቀመጥ ወንበሩ ከእንግዳው ቀድሞ ይናገራል። ስለዚህ "የመሣሪያው አዲስነት በማናቸውም ሁኔታ ተጠብቆ አገልግሎት እንዲሰጥ" የሚል መመሪያ ሲወርድ፣ ኤልያቄም በሙሉ ልቡ ተቀበለው። ንጣፎቹ ላይ የተለጠፈውን ስስ ላስቲክ ሳይልጥ፣ በፕላስተር ግጥም አድርጎ አሰራቸው። በላስቲክ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደማያልፍ ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን ይህ ዕውቀት ለመብራት ሽቦ እንጂ ለውድ ዕቃ ይሠራል ብሎ አላሰበም።

የመጀመሪያው ዕድለኛ ኑርዲን ነበር፤ ከለታ ጋር በአንድ ጀልባ የመጣና እጁ ላይ ቆዳ የተዛወረለት። ሙዲሩ ከነአጀባቸው መጥተው አልጋው አጠገብ ቆሙ።

"ፊ ወላ ማፊ?" አሉት። አለ ወይስ የለም፣ ይሰማሃል ወይስ አይሰማህም ማለታቸው ነው።

ኑርዲን የዋህ ነው። "ማፊ" አለ።

"ምንም?"

"ወላሂ ማፊ።"

ሙዲሩ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይህ ታካሚ ከሳይንስ ጋር አይተባበርም። ኸላስ፣ በቃ!" አሉ። ኑርዲን ከነፋሻው ወደ ኮሪደር ወጣ፤ በማግሥቱም ከኮሪደሩ ወደ መንገድ። ለታ ይህን ሁሉ ተኝቶ አየ።

ተራው ሲደርስ ምንም አልተሰማውም። ሙዲሩ ግን ጥያቄውን ገና ሳይጨርሱ "ፊ!" አለ።

ክፍሉ በደስታ ተሞላ። ኤልያቄም ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ "ወንድም ለታ፣ እንዴት ነው የሚሰማህ?" አለው።

"ደስ ይላል። እንደ ጉንዳን ይሄዳል።"

"ክብር ለጌታ! ካልከበደህ እንጨምር?"

"ጨምር።"

እንዲህ ሆኖ ሥራው ቀጠለ። ለታ ባልከበደው ቁጥር የማሽኑ ቁልፍ ወደ ላይ ይዞራል፤ በዞረ ቁጥር ለታ ትወናውን ያሻሽላል። በመጀመሪያ ቅንድቡን ያነሳ ነበር። ቀጥሎ ጣቶቹን ማንቀጥቀጥ ጀመረ። ቁልፉ መጨረሻው አሥር ላይ ሲደርስ ለታም ከንፈሩን ነክሶ "ሽሽሽ" የማለት ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። ሙዲሩ ለየጎብኚው "ተመልከቱ፣ ነርቩ እንዴት እንደሚዘምር!" ይሉ ነበር።

ብቻውን ሲሆን ግን ለታ ይፈራ ነበር። ሁሉም የሚያመሰግነው ማሽን እሱ ላይ ካልሠራ፣ ጥፋቱ የማሽኑ ሊሆን አይችልም፤ እግሩ ሞቷል ማለት ነው። ኑርዲን እውነቱን ተናግሮ ተባረረ፤ እሱ ደግሞ ዋሽቶ የሞተ እግር ታቅፎ ተኝቷል። እናቱ ሁለት እግር ይዞ የወጣ ልጇን በአንድ እግር ስትቀበል ይታየውና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያለቅሳል። ሸዋረጋ ስትመጣ ዓይኑን ጠርጎ ይጠይቃታል።

"ቀለሙ እንዴት ነው?"

"ቀላ ብሏል፤ ጥሩ ነው።"

"ታዲያ ለምን..." ይልና ይተወዋል። እሷም ትራሱን አስተካክላ፣ እግሩን ከፍ አድርጋ፣ ጎረቤት የሚያጨሰውን ሲጋራ ቀምታ ትሄዳለች። ይህን የመሰለ ተራ ነገር በሆስፒታሉ ሪፖርት ውስጥ እንዳልገባ ግልጽ ነው።

ቆዳው ያዘ። ቀዶ ሐኪሙ ስፌቱን ሲያዩ "ጥሩ" ብለው ወደ ሌላ ታካሚ አለፉ። ሙዲሩ ግን ዝም ብለው ማለፍ አልቻሉም፤ የምረቃ ሥነ ሥርዓት ጠሩ። ሥጋጃ ተነጠፈ፣ ጁስ ተቀዳ፣ የክብር እንግዶች መጡ። ሸዋረጋም ክፍሉን ስታሰናዳ ንጣፎቹን አየች፤ ላያቸው ላይ ያለው ላስቲክ አቧራና የፕላስተር ሙጫ ይዞ አድፏል። በእንግዳ ፊት ያሳፍራል ብላ ልጣ ጣለችው።

ሙዲሩ ንግግር አደረጉ። "ይህ ማሽን ነርቭን ከእንቅልፍ፣ ደምን ከስንፍና፣ ሆስፒታላችንን ከመረሳት ያነቃ ነው" አሉ። "ይህ ልጅ አሥር ቁጥር ላይ በፈገግታ ተኝቷል። እኔም ለእናንተ ማረጋገጫ ስል በገዛ ክንዴ አሳያችኋለሁ!" እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ዘረጉ። ኤልያቄም ንጣፎቹን ለጠፈ፤ ዛሬ ያለ ፕላስተር መያዛቸው ትንሽ ቢገርመውም ለበዓሉ ድምቀት ነው ብሎ አለፈው። ቁልፉ እንደተለመደው አሥር ላይ ነበር። ማሽኑን አበራ።

የሙዲሩ ክንድ ከባለቤቱ ሳያስፈቅድ ተነሳ። የክብር እንግዳውን የማንጎ ጁስ ከነብርጭቆው መታ። ሙዲሩም ክንዳቸውን ተከትለው ከመሬት ለቀቁ።

ኤልያቄም ደንግጦ የሚያደርገውን አጣ። ከሥራው ሥርዓት ያስታወሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦

"ፊ ወላ ማፊ?"

"ፊ!" ብለው ጮኹ ሙዲሩ። "ፊ! ፊ! ወላሂ ፊ! አጥፋው!"

እንግዶቹ የዝግጅቱ አካል መስሏቸው አጨበጨቡ። ለታ ግን አላጨበጨበም። አፉን ከፍቶ ያይ ነበር፤ ንጣፎቹ ዛሬ ላስቲካቸው የለም። ማሽኑ ማለት ይህን የሚያህል ነገር ከሆነ እግሩ ላይ አንድም ቀን አልደረሰም፤ እግሩ ደግሞ አልሞተም። የእግሩን ጣቶች አንቀሳቀሳቸው፤ ታዘዙለት። ብርድ ልብሱን አፉ ላይ ይዞ ሳቀ፣ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ፣ ሸዋረጋም ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራው አለቀሰች።

ወዲያው አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ጉዳዩን በጥልቀት መርምሮ፣ ማሽኑ ላስቲኩ እንዳለ ሳለ አንድም ታካሚ እንዳላስጮኸና አንድ ቆዳ እንዳዳነ፣ ላስቲኩ በተነሳ ዕለት ግን ሥራ አስኪያጅ እንዳዘለለ አረጋገጠ። ስለዚህ ላስቲኩ የሕክምናው ዋና አካል መሆኑ ታውጆ፣ አዲስ ላስቲክ በክብር ተለጠፈ። ሸዋረጋ የሆስፒታሉን ንብረት በመላጥ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት።

ለታስ? ከሆስፒታል ሲወጣ ወደ አገር የሚላክ ነበር። ነገር ግን የማሽኑ የመጀመሪያ ፍሬ ለፖሊስ ተሰጥቶ ጎብኚ ምን ሊያይ ነው? ሙዲሩ ራሳቸው ካፊል፣ ማለትም ዋስ አሠሪ፣ ሆኑለት። ዛሬ ለታ ኢቃማ አለው። ሥራው እንግዳ ሲመጣ በሁለት ጤነኛ እግሩ መጥቶ አልጋው ላይ መውጣትና ሲጠየቅ "ፊ!" ማለት ነው።

ኤልያቄም ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣ። አንድ ቀን እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ፕላስተሩን እየፈታ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ወንድም ለታ፣ በጌታ ፊት እውነቱን ንገረኝ። ከዚህ ማሽን አንድ ቀን እንኳ የተሰማህ ነገር አለ?"

ለታ የጫማውን ክር ሳብ አድርጎ አሰረ።

"አንድ ቀን ተሰምቶኛል" አለ። "ሙዲሩ የዘለሉ ዕለት። እስከ እግሬ ጣት ድረስ።"