ቡሬ የገባው ውሃ

ሰው ቧንቧ ከፍቶ ዝም ብሎ ሲያፈስ ሳይ ደሜ ይፈላል። ልጆቼ ቆንቋና ይሉኛል። ይበሉ። እነሱ ውሃን የሚያውቁት ከግድግዳ ሲወጣ ነው፤ እኔ የማውቀው በትከሻዬ ነው።

በጣልያን ጊዜ ነው። ጣልያን ቡሬ ላይ ጦር ሰፈር ሠራና ውሃ አስፈለገው። እንደኛ በእንስራ ይቅዳ? የማይሆን ነገር። ከከተማው በላይ መንደራችን የሚጠጣው አንድ ምንጭ ነበር። እሱን በሲሚንቶ ገጥሞ፣ ዘበኛ አቁሞ፣ በብረት ቧንቧ ወደ ሰፈሩ ሊወስደው አሰበ። ማን ይቆፍር? ማን ይሸከም? በየቤቱ እየዞሩ ለቀሙን። ጤፌን አረም ውጦታል ብል ማን ሰምቶኝ። የገዛ ምንጬን ከደጄ የሚያርቅ ቦይ ቆፍር ተባልሁ። ይኸን ሳስብ ዛሬም ጥርሴ ይፋጫል።

ሥራው ምን መሰላችሁ? ቀን የቆፈርነውን ሌሊት ዝናብ ይደረምሰዋል፤ ጧት እንደገና እንቆፍራለን። ቧንቧውን መኪና ከመንገድ ዳር ጥሎት ይሄዳል፤ ዳገቱን በገመድ ጎትተን የምናወጣው እኛ ነን። ከላይ አንድ ጣልያን ካቦ ቆሞ ይጮኻል፤ አጠገቡ ያለው አስተርጓሚ ስድቡን ወደ አማርኛ ይመልስልናል። ስድቡ ረዝሞ ትርጉሙ ያጠረ እንደሆነ፣ ዛሬስ አዘነልን እንል ነበር።

ከጎኔ የሚጎትተው ጎረቤቴ አያ ጌጤ ነው። ቧንቧውን እንደ በሬ ስም አውጥቶለት፣ «ና ቦራ፣ ቀጥ በል ቦራ» እያለ በዚያ መከራ መሀል ያስቀን ነበር። አንድ ጧት ገመዱን በእጁ ዳሰሰና፣ «ይኸ ሳስቷል፣ ይበጠሳል» አለ። አስተርጓሚው ለካቦው ነገረው። ካቦው፣ ገመዱ ከናንተ ይጠነክራል፣ ሲል መለሰ።

ገመዱ ተበጠሰ። ቧንቧው ቁልቁል ሲንከባለል አያ ጌጤ ሊደግፈው ከታች ገብቶ ነበር።

ካቦው እየሮጠ ወረደ። ሰው ነውና ሊያነሳው ነው ብዬ ነበር። ተንበርክኮ ቧንቧውን በመዳፉ ዳበሰው። አለመሰንጠቁን አየና ተነሣ። ይኸንን በዓይኔ አየሁ። ሰዎች፣ ጊዜ ሁሉን ያስረሳል ይሉኛል። እኔን አላስረሳኝም።

ሬሳውን እናቱ ቤት አደረስን። አሁን መታጠቢያ ውሃ ይፈለጋል። እንስራ ይዤ ወደ ምንጩ ሮጥሁ። ዘበኛው አስካሪ፣ የጣልያን ቅጥር ወታደር፣ ከለከለኝ። ሰው ሞቶብናል አልሁት። ትእዛዝ ነው አለኝ። ለመንሁት፣ እግሩ ሥር ወደቅሁ፤ ወይ ፍንክች። አስቡት እንግዲህ፤ ሰውየው ውሃ ሲጎትት ሞቶ የሚታጠብበት ውሃ አጣ።

ባዶ እንስራዬን ይዤ ስመለስ እናቱ እማማ ዘውዴ ደጃፍ ቆመው አዩኝ።

«ከለከሉህ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«በል ተው፣ አትለምናቸው። ወንዝ እንውረድ» አሉ።

ወረድን። ወንዙ ደፍርሷል። ቀድተን ተመለስን፤ እሳቸው በነጠላቸው እያጠለሉ ልጃቸውን አጠቡ። አላለቀሱም። ያ አለማልቀሳቸው ነው እስከ ዛሬ አንጀቴን የሚበላኝ።

ሥራው ሲያልቅ ምረቃ ተባለና አገሩ ሁሉ ተጠራ። ውሃው ከሽቦው አጥር ውስጥ ፏ ይላል፤ እኛ ከውጭ ቆመን እናያለን። የጣልያኑ ሹም መንግሥታቸው ለቡሬ ሕዝብ ውሃ ማምጣቱን ተናገረ። ቀጥሎ ሕዝቡ ያመስግን ተባለ። ቅኔ የሚያስተምሩት መሪጌታ ተነሡ። «የጠማን ሕዝብ ነበርን። እናንተም መጣችሁ። እግዚአብሔር እንዳጠጣችሁን ያጠጣችሁ» አሉ።

ጠብታ ያልደረሰን ሁሉ ባንድ አፍ አሜን አልን። አስተርጓሚው መሬት መሬት እያየ ተረጎመ። ሹሙ በደስታ የመሪጌታን እጅ ጨበጠ።

ይኸን ያወራሁለት ሁሉ ይስቃል። እኔም ያን ዕለት አንጀቴ ራሰ፤ ጉሮሮዬ ግን እንደ ደረቀ ነበር። እማማ ዘውዴ በማግስቱም እንስራቸውን አዝለው ያንኑ ቁልቁለት ወረዱ።

ጊዜው ደረሰና ጣልያን ለቆ ሄደ። ሽቦውን በጣጥሰን ገባን። እማማ ዘውዴን እጃቸውን ይዤ ወሰድኋቸው። ቧንቧውን ራሳቸው ከፈቱት፤ ውሃው እጃቸው ላይ ሲወርድ ያን ጊዜ ገና አለቀሱ። ጥቂት ሰነበትንበት፤ ጥጋብ ነበር።

ከዚያ ከኛው ወገን የሆነ ሹም መጥቶ ጣልያን በለቀቀው ጊቢ ውስጥ ተቀመጠ። አንድ ጧት እንስራ ይዤ ብሄድ አጥሩ እንደገና ታጥሯል፣ በሩ ላይ ዘበኛ ቆሟል። ዘበኛው አብሮን ቦዩን የቆፈረ ሰው ነው። ደስ ብሎኝ ሰላም ብዬው ላልፍ ስል በዱላው ደረቴን ገታ አደረገኝ።

«ወንድሜ፣ ውሃው የመንግሥት ነው» አለኝ።

የትኛው መንግሥት እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ወንዝ ወረድሁ።