ለኪራይ የሚሆን ቤት እንዴት እንዳልገዛሁ

ሊኖርበት ቤት የሚገዛ ሰው ቤቱን ይይ፤ ሊያከራየው የሚገዛ ግን ሰዉን ማየት አለበት። ቤትማ ምን ይደብቃል? ግድግዳው ቢሰነጠቅ ይታያል፣ ቆርቆሮው ቢበሳ ፀሐይ ያስገባል። የሚደብቀው ሰው ነው። ሻጩ ይደብቃል፣ ደላላው ይደብቃል፣ ጎረቤቱ ደግሞ የሚደብቀው ባይኖረው እንኳ ለልማዱ ያህል ይደብቃል። ይህን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ ስለ ቆቦ ደላላ የጻፈ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ገበያ መሃል ቆሜ ጨርቅ ስሸጥ ኖሬ ጉልበቴ እንቢ አለኝ። ልጆቼ «አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ፣ እኛ እንጦርሻለን» አሉኝ። ልጆቼን እወዳቸዋለሁ። ሚስቶቻቸውንም አውቃቸዋለሁ። ስለዚህ ሱቄን ሸጥኩና፣ ኪራዩ የሚያኖረኝ ቤት እስካገኝ ታላቁ ልጄ ዘንድ ገባሁ። ይህ ካልተሳካ ቀሪ ዘመኔ የምራት ፊት እያዩ መጉረስ ነው። እንግዲህ ብጠረጥር ትፈርዱብኛላችሁ?

ደላላው ሰይድ ይባላል። ለእኔ ሲሆን በማርያም ይምላል፣ ለሙስሊሟ ጎረቤቴ ሲሆን ወላሂ ይላል፤ ሁለታችን አብረን የቆምን ቀን በምን እንደሚምል ጠፍቶት ስለ ሙቀቱ ሲያወራ ዋለ። ይኸው ሰይድ ወደ ሮቢት መውጫ ላይ ያለ ቤት አሳየኝ። ክፍሎቹ በየራሳቸው በር የሚገባባቸው፣ ሁሉም የተከራዩ፣ ግቢው መሃል ቧንቧ፣ ከጎኑ አንዲት የኒም ዛፍ። «እትዬ፣ ይሄ ቤት አይደለም፣ ላም ነው፤ እያለቡ መጠጣት ነው» አለኝ። ላም ከሆነ ለምን ይሸጣል ብዬ ስጠይቀው፣ ባለቤቱ ደሴ ልጁ ዘንድ ሊሄድ ነው አለ። መቼም በእኛ ከተማ ደሴ የማይሄድ ሻጭ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ቆቦ ላይ ቤት ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጎርፍ ነው። ክረምት ከተራራው የሚወርደው ውሃ ማሳ ሲገባ ሲሳይ ነው፤ አልጋ ሥር ሲገባ ግን ስሙ ሌላ ነው። ወሩ ጥቅምት ነበርና ግድግዳው ላይ የጭቃ ምልክት ፈለግኩ። የለም። አለመኖሩ ይበልጥ አሳሰበኝ። በምን ቢያጥቡት ነው እንዲህ የጠራው?

ብልሃት ዘየድኩ። በማግስቱ ያረጀ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ የሚከራይ ክፍል ፈላጊ መስዬ ብቻዬን ሄድኩ። ሻጭ ይዋሻል፤ ተከራይ ምን ሊያተርፍ ይዋሻል?

ያገኘኋት ተከራይ ሐዋ ትባላለች። ባሏ ባጃጅ ይነዳል፣ እሷ ደጃፏ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ትቸረችራለች። «ግቢ እታለም፣ ፀሐዩ ይፈጅሻል» ብላ አስቀመጠችኝና ከሰል ላይ የማሽላ እሸት ጠብሳ፣ እያሸች መዳፌን ሞላችልኝ። እኔ የራያ ልጅ ነኝ። እሸት አሽቶ ያጎረሰኝን ሰው መጠርጠር አላደግኩበትም። ሰይድማ እንኳን እሸት ውሃም አልጋበዘኝም።

«ክፍል እንኳ አይጠፋም፤ ግን ጠላቴም አይከራየው» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ነሐሴ ላይ ጎርፉ በጓሮ ገብቶ በደጅ ይወጣል፤ አልጋቸውን በድንጋይ ከፍ አድርገው ነው የሚተኙት። ምልክቱስ የታለ ብላት፣ ሊሸጡት ስለሆነ ሙልጭ አድርገው አጠቡት አለች። አላልኳችሁም? ሽንት ቤቱ ሞልቷል፣ ቧንቧው ለይስሙላ የቆመ ነው፣ የኒሟ ሥር መሠረቱን እየፈነቀለው ነው። «የመጣውን ሁሉ እመክራለሁ፤ ወላሂ ለነፍሴ ብዬ ነው» አለች። ይህች ሴት ጀነት ትገባለች ብዬ አሰብኩ። ታዲያ አንቺ ለምን ትኖሪበታለሽ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አፌ እሸት ሞልቶት ነበር።

የእኛ የተጠራጣሪዎች በሽታ ይህ ነው። መልካም ሲነግሩን ምስክር እንጠራለን፣ ክፉ ሲነግሩን እጅ ነስተን እንቀበላለን። ለሰይድ ቤቱን እንደማልፈልገው ነገርኩት። በማርያም ማለ፣ በገብርኤል ማለ፣ በመጨረሻ ተናዶ ወላሂ አለኝ። ያቺን የመጨረሻዋን መሐላ ማመን ነበረብኝ።

ቤቱ ገዢ አጥቶ ከረመ። መስከረም ሲጠባ ተሸጠ የሚል ወሬ ሰማሁና፣ የትኛው ሞኝ እንደገዛውና ጎርፉ ምን እንዳደረገው ለማየት ሄድኩ። ጉልበቴ እያመመኝ፣ አንጀቴ ግን ደስ እያለው።

ግቢው ደረቅ ነው። ጎርፉ ያመጣው ደለል ከመንገዱ ማዶ ተኝቷል። ሐዋ ኒሟ ሥር ቆማ ግንበኛ ታዛለች፤ ተጨማሪ ክፍል እያሠራች። ለካ ገዢ ሁሉ ሲሸሽበት ባለቤቱ ተስፋ ቆርጦ፣ ሐዋና ባሏ በሰጡት ዋጋ ለቆላቸው ኖሯል።

አየችኝ፤ አላፈረችም። «እታለም፣ እስካሁን ክፍል አላገኘሽም እንዴ? ይሄ አዲሱ ላንቺ ይሁን» አለችኝ። ጎርፉስ አልኳት። «የምን ጎርፍ? በዚህ በኩል አልፎ አያውቅም።» ሽንት ቤቱስ? ጥልቅ ነው። ቧንቧውስ? ሌሊት እንኳ አያቋርጥም። የኒሟ ሥርስ? ወደ መንገዱ ነው የሄደው፤ ጥላዋ ደግሞ ለዚህ ሙቀት የአላህ ስጦታ ነው።

ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። እስከ ምራቴ ደጃፍ ድረስ ያንን እሸት እየረገምኩ ሄድኩ። በሩን ልገፋ ስል ግን አንድ ሐሳብ መጥቶ አጽናናኝ። ሰው የገዛውን ቤት እንዲህ የሚያሞግሰው በደህናው አይደለም፤ የሆነ ጉድማ አለበት። እንኳንም አልገዛሁት።