እባክዎ እምቢ ይበሉን

ሰው ሽማግሌ ሲመርጥ ጭንቅላት ያያል። ተሳስቷል። መታየት ያለበት ጉልበት ነው። ጥበብ ቢጎድል ተረት ይሸፍነዋል፤ ጉልበት ሲጎድል ግን ምን ይሸፍነዋል? የልጅቷ አባት «ሰጥቻለሁ» እስኪል ድረስ ሽማግሌ አይቀመጥማ! ይቆማል። እኔ ይህን የተማርኩት ጃፓን ቆሜ ነው።

አዎ፣ ጃፓን። አትሳቁ።

እኔ ትምህርት ቤትን የማውቀው ከውጭ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ነው። አሁን አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ሻኮፒ የምትባል ከተማ፣ አንድ የዕቃ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ስገፋ እውላለሁ። ለሳቅ እንጂ ለሽምግልና የሚፈልገኝ ሰው የለም። ባለቤቴ አልማዝ እንኳ «አንተን ሽማግሌ የሚልክ ሰው ልጁን መዳር አይፈልግም ማለት ነው» ትላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንኖርበት ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ያለው ጎረቤቴ ተስፋዬ፣ ዮናታን የሚባል ልጅ አለው። ሚኒሶታ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። በአማርኛ ስታናግሩት በእንግሊዝኛ ይመልሳል፤ አማርኛው የሚመጣለት ሲርበው ብቻ ነው። ይህ ልጅ ነርሲንግ ሲማር ናኦሚ የምትባል ልጅ ወደደ። ስሟ ቤተ ክርስቲያን ሲሰማ እልል ተባለ። ናኦሚ እኮ ኑኃሚን ናት፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ስም! በኋላ ልጅቷ ራሷ ስትመጣ ጃፓናዊት ሆና ተገኘች። ለካ ስሙ እነሱም ዘንድ አለ። ምን ይደረግ? እልልታ አንዴ ከወጣ ወደ አፍ አይመለስ።

ተስፋዬ ታዲያ «ልጄ ድመት ነው እንዴ ዝም ብሎ ገብቶ የሚተኛው? በደንቡ ሽማግሌ ይላካል» አለ። ወዴት? የልጅቷ አባት ወዳለበት! በፀደይ የቼሪ አበባዋ ብቻ ወደሚታወቅ፣ ከተራራ ሥር ወደተቀመጠች አንዲት የጃፓን የገጠር ከተማ።

ሦስት ሰው ተመረጠ። አንደኛው ጋሽ ደምሴ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባል የለ? እሳቸው ጌታን ካገኙ ወዲህ ጠጁን ትተው ምሳሌው ብቻ ቀርቷቸዋል። ሁለተኛው ኦቦ ገመቹ ናቸው፣ የከባድ መኪና ሾፌር። ኦቦ ገመቹ በኦሮምኛም በአማርኛም ዝም ማለት የሚችሉ፣ ከተናገሩ ግን መዋሸት የማይችሉ ሰው ናቸው። ሦስተኛው ጉልበታቸውን ኦፕሬሽን አድርገው ቀሩ። ሽማግሌ ሁለት አይሆንም። ቬኬሽን፣ የዓመት ዕረፍት፣ የተጠራቀመለት ሰው ሲፈለግ እኔ ተገኘሁ። በቬኬሽን የተሾመ ሽማግሌ ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም።

አልማዝ ሻንጣዬን ስታስርልኝ ቀና ብላ «እኔን ስትወስድ ስንት ሽማግሌ ነበር የላክኸው?» አለችኝ። አንድም አልላክሁም። ያኔ ሁለታችንም ሚኒያፖሊስ፣ ሲዋርድ ሰፈር ነበር የምንኖረው፣ ክረምት ነበር፣ «ነይ ግቢ፣ መኪናው ይሞቃል» አልኳት፣ ገባች፣ ይኸው እስከ ዛሬ አልወረደችም። ይህን አስታውሼ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ዮናታንና ናኦሚ ቀድመውን ሄደው ስለነበር ተቀበሉን። ከአውሮፕላን ወርደን ባቡር ያዝን። ከዚያ ትንሽ ባቡር። ከዚያ ከእሱ ያነሰ። እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ መጨረሻ ላይ አንድ ፉርጎ ብቻ ቀረና ከተማዋ ደረስን። ጸጥታዋን ምን ብዬ ልንገራችሁ? ጢሜ ሲያድግ ሰማሁት! ውሻው እንኳ አንዴ ከጮኸ በኋላ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል። በወንዙ ዳር እስከ ተራራው ድረስ ዛፍ ነው፣ ዛፉ ሁሉ ቅጠል የለውም፣ ከግንዱ በላይ አበባ ብቻ ነው። ሰዉ ሥሩ ሸራ አንጥፎ፣ ምሳውን ይዞ፣ ወደ ላይ ያያል። ሥራው ይኸው ነው።

ኦቦ ገመቹ ከአንድ ቅርንጫፍ ሥር ቆመው ብዙ ፈለጉ።

«ፍሬው የታል?»

ናኦሚ ይህ ዛፍ የሚበላ ፍሬ እንደማይሰጥ፣ የሚተከለው ለአበባው ብቻ እንደሆነ፣ አበባውም ሳምንት ሳይሞላው እንደሚረግፍ በእንግሊዝኛ አስረዳች። ኦቦ ገመቹ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ደምሴ ደግሞ «ፍሬ ያጣችውን በለስ ጌታ ምን እንዳደረጋት ታውቃላችሁ» ብለው ዛፉን እንደ በሽተኛ በሐዘኔታ አዩት።

በማግሥቱ በሱፋችን ላይ ኩታ ደርበን ወደ ቤታቸው ሄድን። አባትየው አቶ ኦካዳ ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሰው ናቸው። በር ላይ ጎንበስ አሉ። እኛም ጎንበስ አልን። ደገሙ። እኛስ ከማን አንሰን? ደገምን። እንዲህ ስንጎነበስና ስንነሣ የኦቦ ገመቹ ወገብ ያዘና እንደጎበጡ ቀሩ። ቤተሰቡ ይህን ታላቅ አክብሮት ነው ብሎ ወስዶ ከእሳቸው በታች ሊጎነብስ ወለሉን ሊነካ ደረሰ። ቀጥሎ ጫማ አውልቁ ተባለ። የጋሽ ደምሴ አውራ ጣት በካልሲው ቀዳዳ ወጥቶ ከሁላችንም ቀድሞ ቤት ገባ።

ተቀመጡ አሉን። ጋሽ ደምሴ ከዘራቸውን ተመርኩዘው መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም አሉ። እዚያ አገር ደግሞ እንግዳ ቆሞ ባለቤት አይቀመጥም። አባትየው ቆሙ። እናትየው ቆሙ። አያትየው፣ ከዛፎቹ ሁሉ የሚበልጡ አሮጊት፣ ተደግፈው ተነሡ። የተቀመጠው ሻዩ ብቻ ነው፤ እሱም እየቀዘቀዘ።

ጋሽ ደምሴ ከሚኒያፖሊስ ጀምሮ ሲያጠኑት የመጡትን ንግግር ለቀቁት። ስለ ወንዝና ስለ ምንጩ፣ ስለ ጥሩ ዘር፣ ስለ ዝምድና ክር ተናገሩ። ዮናታን ይህን ሁሉ ሰምቶ ለናኦሚ በእንግሊዝኛ «ሃይ ይላሉ» አላት። ናኦሚ ደግሞ ያቺን ይዛ ለአባቷ በጃፓንኛ ረዥም ንግግር አደረገች፤ መሐል ላይ ሁለቴ ጎነበሰች። ከየት እንዳመጣችው እግዜር ይወቅ። ምሳሌያችን እንግሊዝኛው ውስጥ ሰምጦ ጃፓንኛው ላይ ብቅ ያለ መሰለኝ።

አባትየው ፈገግ ብለው «እሺ» አሉ።

እሺ! ወዲያው! ጋሽ ደምሴ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ገና መግቢያው ላይ እኮ ናቸው! የመጀመሪያ ቀን «እሺ» የሚል አባት ማን አይቷል? ልጅ ነው ወይስ ያረጀ ሶፋ፣ መንገድ ዳር አውጥተው «የፈለገ ይውሰድ» የሚሉት? በደንቡማ አባት ይኮሳተራል፤ ዘመድ ላማክር ይላል፤ ሽማግሌ ይሄዳል፤ ይመለሳል፤ ደግሞ ይሄዳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ኦቦ ገመቹ እዚህ ቤት ከገባን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፍተው «ልጅቷ ምን ጎደላት?» አሉ። እኔን ደግሞ ያስጨነቀኝ ወሬው ነው። ያን ሁሉ አገር አቋርጠን «ሳይለምኑ አመጡ» ልንባል?

ጥግ ይዘን ተማከርን። ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠርገው ተመለሱና «እባክዎ፣ እምቢ ይበሉን» አሏቸው።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

ዮናታን ፊቱ ተለዋወጠ። «አንክል፣ ፕሊስ! የስ ብሏል እኮ!»

«የስ ማለቱንማ ሰምተናል» አልኩት። «ችግሩ እሱ ነው።»

ናኦሚ አባቷ በዕድሜያቸው ሰውን ፊት ለፊት እምቢ ብለው እንደማያውቁ፣ በአገሩም ነውር እንደሆነ ነገረችን። ግን እንግዳ ለመነ፤ እንግዳን ደግሞ ማሳፈር አይቻልም። አባትየው ጨነቃቸው። በጥርሳቸው መሐል አየር ሳቡ፣ ስስስስስ፣ መጋረጃው ወደ እሳቸው እስኪሄድ ድረስ። እናትየው ወደ ጓዳ ሸሹ። መጨረሻ ላይ አባትየው አንገታቸውን ደፍተው በሹክሹክታ «ምናልባት… ትንሽ ያስቸግር ይሆናል» አሉ። ለካ በአገሩ ቁርጥ ያለ እምቢታ ይህ ነው፤ ናኦሚ አፏን ያዘች። አባቴ እንዲህ ሲጨክን አይቼው አላውቅም አለች። እኛ ግን ተባረኩ ብለን፣ እጃቸውን ጨብጠን፣ ነገ ስንመጣ ስለ ልጁ ዘር፣ ሥራና አመል እንዲጠይቁን መክረን፣ ደስ ብሎን ወጣን።

በማግሥቱ ስንመለስ ግቢው ሞልቷል። ጸጥተኛ ከተማ ናት አላልኳችሁም? ወሬ እንዲህ ያለች ከተማ ይወዳል። ጎረቤቱ አበባውን ትቶ እኛን ሊያይ መጥቷል። አቶ ኦካዳ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። ዘሩን ጠየቁ፤ መለስን። ሥራውን ጠየቁ፤ እኔ ቀበል አድርጌ ዮናታን ሆስፒታል በር ላይ ሲደርስ በሽተኛው አልጋውን አንጥፎ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ነገርኳቸው። ቀጠሉና ያላስጠናናቸውን ጥያቄ ጠየቁ።

«የሚኒሶታ ብርድ እንዴት ነው?»

ጋሽ ደምሴ ጣራ ጣራውን አዩ። እኔ ገባሁበት። ብርድ? ኧረ በረዶው ለጌጥ ነው የሚመጣው አልኩ፤ ልክ እንደ እናንተ አበባ ነጭ ነው፣ ብን ብን ይላል፣ ይረግፋል።

«ስንት ጊዜ ይቆያል?»

«ስድስት ወር» አሉ ኦቦ ገመቹ።

አባትየው ከኪሳቸው ስልክ አውጥተው ልጃቸው የላከችላቸውን ፎቶ አሳዩን። ናኦሚ አካፋ ይዛ ቆማለች፤ በረዶ ከዋጠው መኪናዋ የሚታየው አንድ ጆሮ፣ የጎን መስታወቱ፣ ብቻ ነው። ስልኩን መልሰው ከተቱና ተርጓሚ በማያስፈልገው እንግሊዝኛ «ኖ!» አሉ። እንዲህ ያለ «ኖ» ሰምቼ አላውቅም። ወፍ ከዛፉ ተነሣ። አያትየው አጨበጨቡ።

ከዚያ ሰውየው መናገር ጀመሩ፤ አላባሩም። ያለችኝ አንድ ልጅ ናት አሉ። አሜሪካ ልማር ስትል እሺ አልኩ። እዚያው ልቅር ስትል እሺ አልኩ። ይህን ልጅ ላግባ ስትል እሺ አልኩ። እምቢ እንድል የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ የመጀመሪያዎቹ እናንተ ናችሁ። ይህን ብለው ዕንባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። ይኸው በቀዝቃዛ ሻይ ወጣ።

ያን ዕለት ዮናታን እህል አልቀመሰም። «ምን አደረግኋችሁ? ተሰጥታኝ የነበረችውን ልጅ እናንተ አስከለከላችሁኝ!» አለን፣ አንድም እንግዳ ቃል በሌለው አማርኛ። ለካ ሲርበው ብቻ አይደለም፤ ሲቃጠልም ይመጣለታል። ተስፋዬን በየትኛው ዓይናችን ልናየው ነው?

የመጨረሻው ቀን ጠዋት አበባው እየረገፈ ነበር። መንገዱ ነጭ ሆኖ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስን በጥር መሰለኝ። ገብተን ቆምን። ጋሽ ደምሴ ምሳሌያቸውን ሁሉ ትተው እንዲህ አሉ፦ «ብርዱ እውነት ነው። ልጅዎን ይስጡን፤ እኛ እናሞቃታለን።» ዮናታን ይህችን አንድ ቃል ሳያስቀር ተረጎመ።

አቶ ኦካዳ ወደ በሩ ሄደው ዛፉን ቆመው አዩ። ተመልሰው መጡና ፈረዱ። ይህ አበባ በየዓመቱ ይረግፋል፣ በየዓመቱ ተመልሶ ይመጣል አሉ። ልጄም ትምጣ። ለአንድ ዓመት ሰጥቻለሁ። ለሚቀጥለው ዓመት፣ አበባው ሲፈነዳ፣ እናንተው ሦስታችሁ መጥታችሁ፣ ቆማችሁ፣ ትለምኑኛላችሁ። «እምቢም ልል እችላለሁ» አሉና፣ የፈገግታቸው ነገር! እሺ እያሉ ያረጁ ሰው፣ እምቢታን ቀምሰው ጣማቸው።

ያኔ ተቀመጥን። ጉልበታችን ሲታጠፍ የተሰማው ድምፅ በዚያች ከተማ ታሪክ ትልቁ ጩኸት ሳይሆን አይቀርም።

ተስፋዬ ሲሰማ ጮኸ። «ለአንድ ዓመት? ልጄ መኪና ነው እንዴ የታርጋው ታብ በየዓመቱ የሚታደሰው?» አለ። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ግን ነገሩን ወደዱት። ዮናታንም ጎበዝ ባል ወጣው፤ ዓመት ሙሉ ፀደይን እያሰበ ዕቃ ያጥባል።

እኔም ሁሉን ለአልማዝ እየሳቅሁ አጫወትኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ጥሩ ደንብ ነው። የእኔ ዓመት ካለፈ ቆይቷል። ሽማግሌ ላክ» አለች። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ትራሴን ሶፋው ላይ ሳገኘው ቀልድ አለመሆኑ ገባኝ።

ይኸው ጋሽ ደምሴና ኦቦ ገመቹ የገዛ ሳሎኔ ውስጥ ቆመዋል። ሦስተኛ ሰው ስላልተገኘ እኔው ራሴ ለራሴ ሽማግሌ ሆኜ አብሬ ቆሜያለሁ። አልማዝ እጇን አጣጥፋለች። ጋሽ ደምሴ ስለ ምንጩና ስለ ወንዙ ጨረሱ። እኔም አንድ ነገር ማከል አለብኝ ብዬ ያን የሲዋርድ ክረምት አነሣሁ፤ ሽማግሌ ባልልክም ቢያንስ በሚሞቅ መኪና ነው የወሰድኳት አልኩ።

«መኪናው ያን ቀን አልሞቀም ነበር» አለችና በጥርሷ መሐል አየር ሳበች። ስስስስስ።