የእድራችን ዓመታዊ የሞት ዕቅድ

ይቅርታ አድርጉልኝ። ይህን ጉዳይ አደባባይ ማውጣት የሚገባኝ ሰው አልነበርኩም። የእድር ጸሐፊ ነኝ። የእድር ጸሐፊ ደግሞ እንደ ንስሐ አባት ነው፤ የሰማውን ይዞ ነው መቃብር መውረድ ያለበት። በዚያ ላይ ነገሩ መንግሥትን ይነካል። መንግሥትን የሚነካ ነገር ሳወራ ድምፄ ዝቅ ይላል። ከፍርሃት እንዳይመስላችሁ፤ ከአድናቆት ነው።

ሰው ፎቅ ሲያይ ይደነቃል፣ መብራት ሲያይ ይደነቃል። እኔን የሚደንቀኝ የመንግሥት ወረቀት ነው። ወረቀት ላይ የማይሆን ነገር አለ እንዴ? አንድ ሰሞን አትክልት ተራ ሽንኩርት እሳት ሆነ። ሰው ጮኸ። መንግሥት ምን አደረገ? ዋጋ ተመነ። በትልቅ ሰሌዳ ጽፎ ሰቀለው። እንዴት ያለ ርካሽ! ባለቤቴ ዘንቢሏን አንጠልጥላ እየሮጠች ሄደች። ሰሌዳው አለ። ዋጋው አለ። ሽንኩርቱ የለም። ነጋዴውን «ሽንኩርቱስ?» ብትለው፣ «እሱማ ዋጋውን ሲያይ አኩርፎ ሄደ፣ እናቴ» አላት። ባዶ ዘንቢሏን ይዛ ተመለሰችና «በል እንግዲህ፣ ዛሬ የምከትፍልህ ሰሌዳውን ነው» አለችኝ። እሷ ተናደደች። እኔ ግን እጄን በአፌ ጫንኩ። ሽንኩርት ባለበት ሽንኩርት ማርከስማ ማንም ያደርገዋል። በሌለበት ማርከስ ነው ጥበብ!

ወደ እድራችን ልመለስ።

እድራችን ያለው እሪ በከንቱ ሰፈር ነው። አንዲት ጠባብ የቆርቆሮ ቤት አለችው። ውስጧ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ብረት ድስቶቹና ሳህኖቹ አሉ። ሌላ ሀብት የለንም። ከአባሎቻችን ግማሹ ሰፈሩ ሲፈርስ ከተማው ዳር ወዳለው ኮንዶሚኒየም ሄዷል። ከእድሩ ግን አንድም ሰው አልወጣም። ሲኖሩ እዚያ፣ ሲሞቱ እዚህ ናቸው።

ዳኛችን ጋሽ በዛብህ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፒያሳ ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ፣ ንግግራቸው የተቆጠረ ሰው ናቸው። የሐምሌ መጀመሪያ ላይ እሳቸውና እኔ ቤቷ በር ላይ ተቀምጠን ሳለ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት አንድ ወጣት ባለሙያ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው። ጎንበስ ብሎ ሰላም አለን። ታብሌቱን አወጣና ከእንግዲህ ማንኛውም ተቋም ዓመታዊ ዕቅድ ሊኖረው እንደሚገባ፣ እድርም ተቋም እንደሆነ፣ ሞትም አገልግሎት እንደሚጠይቅ አስረዳን። ለቀባሪ አረዱት ማለት ይሄ ነው።

«እኛ የምናቅደው ነገር የለንም፣ ልጄ» አሉት ጋሽ በዛብህ። «ሰው ሲሞት እንቀብራለን።»

«በዓመት ስንት፣ አባቴ?»

«የመጣውን ነዋ!»

«በቁጥር ቢገልጹልኝ።»

«እሱን እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው።»

ልጁ ታብሌቱን ወደ ላይ ወደ ታች ገፋ ገፋ አደረገው። ከልቡ ነው የፈለገው፤ እኔ ምስክር ነኝ። በመጨረሻ እያዘነ፣ «ለእሱ የሚሆን ቦታ ቅጹ ላይ የለም፣ አባቴ» አለ።

ከዚያ ድርድር ተጀመረ። ባለፈው ዓመት ስንት ቀበራችሁ? ዘጠኝ። እንግዲያው ዘንድሮ አሥራ አምስት ይሁን። ጋሽ በዛብህ ጭንቅላታቸውን ያዙ። «ኧረ ስምንት አድርግልን!» ልጁ ደነገጠ። መቀነስማ አይቻልም፤ አገር ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይሄድም። ጋሽ በዛብህ ስለ ሰፈሩ ለመኑ፣ እኔ ስለ ልጆቹ ለመንኩ። እንደ ዶሮ ዋጋ ተከራክረን በአሥር ተስማማን። በሩብ ዓመት ሲከፋፈል ደግሞ ጋሽ በዛብህ አንድ ነገር ብቻ አስመዘገቡ። ጥር ላይ ሠርግ ስለሚበዛ ድንኳኑን ሙሽሮች ይከራዩታል፤ ስለዚህ በጥር የሚሞት ሰው ባይኖር። ልጁ ጻፈው። «ተይዟል» አለ።

እስቲ ፍረዱኝ፣ ይህ አያስደንቅም? ሰሎሞን በጥበቡ የሚሞትበትን ቀን አያውቅም ነበር። እኛ በሩብ ዓመት ከፋፍለን አወቅን።

ዓመቱ እንደተለመደው ሄደ። ሰው ሞተ፣ ቀበርን፣ ሪፖርት ጻፍኩ። ሪፖርቱ ላይ «ያጋጠመ ችግር» የሚል መስመር አለ። አንዱ ሩብ ዓመት ላይ ማንም አልሞተብንም፤ ስለዚህ «የአባላት ጤንነት» ብዬ ሞላሁ። «የተወሰደ መፍትሔ» የሚለውን ባዶ ተውኩት። ልጁ መልሶ አመጣልኝ። መፍትሔ የሌለው ችግር አይጻፍም አለኝ። «በቅርብ እየተከታተልን ነው» ብዬ ጻፍኩ። በጣም ወደደው።

ሪፖርቱን ላስገባ ስሄድ ደግሞ የወረዳው ግድግዳ ላይ ምን አየሁ መሰላችሁ? ሁለት ሰንጠረዥ ጎን ለጎን ተለጥፏል። አንዱ የጤና ክፍሉ ነው፦ በሰፈሩ ሞትን መቀነስ። ሌላው የእኛ ነው፦ በሰፈሩ የቀብር አገልግሎትን ማሳደግ። ሁለቱም አረንጓዴ ተቀብተዋል። ሁለቱም ተሳክተዋል! ባርኔጣዬን አውልቄ ቆምኩ። ጥበቃው ስዕለ ማርያም የተሰቀለ መስሎት እሱም ቆቡን አወለቀ።

ግንቦት ላይ ዱብ ዕዳ መጣ። ደብዳቤ ነው። እስከ ሰኔ ሠላሳ ዕቅዱን ያላሟላ እድር «ዝቅተኛ ፈጻሚ» ተብሎ ከሌላ እድር ጋር ይዋሃዳል፤ ቤቱም ለሌላ ልማት ይውላል ይላል። የምንዋሃደው ከማናውቀው፣ ከማያውቀን፣ ስሙን እንኳ ሰምተነው ከማናውቀው እድር ጋር ነው። መዝገቤን ገለጥኩ። ዘጠኝ። አንድ ሰው ጎደለ።

ይህ ነገር ከሁሉ በላይ የነካው እማማ አጸደን ነው። እማማ አጸደ በሰፈሩ የመጨረሻዋ ትልቅ ሰው ናቸው። ባላቸውን የቀበረው ይህ እድር ነው። ሁለት ልጆቻቸውንም የቀበረው ይህ እድር ነው። ሌላ ዘመድ የላቸውም። ፀሎታቸው ሁሌም አንድ ነው፤ «ቀባሪ አታሳጣኝ» ይላሉ፣ በቃ። ሀብት አይለምኑ፣ ዕድሜ አይለምኑ። አሁን ደብዳቤው ሲነበብላቸው፣ «የማያውቀኝ ሰው ሊቀብረኝ ነው?» አሉ።

ሰኔ ገባ። እንግዲህ ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ግን ቁጥር የጎደለበት ሰው ዓይኑን የት ያሳርፍ? ሰፈርተኛው በየጠዋቱ እማማ አጸደ ደጃፍ ቆሞ «እንዴት አደሩ?» ይላል። «ደህና» ሲሉት ፊቱ ይወድቃል። አንዷ ጎረቤትማ «እውነትዎን ነው?» ብላ ደግማ ጠየቀቻቸው። እማማ ሞኝ አይደሉም። አንድ ቀን አስጠሩኝ።

«አንተ ጸሐፊ!»

«አቤት፣ እማማ።»

«ትናንት ሦስት ጊዜ አስነጠስኩ። ‹ይማርዎት› ያለኝ አንድ ሰው የለም። ምን ነክቷችሁ ነው?»

መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«አንድ ሰው ነው የጎደለው?»

«አንድ ብቻ።»

«ታዲያ ጻፈኛ።»

«ምን ብዬ?»

«ሞተች ብለህ ነዋ! ምን ብለህ ልትጽፍ ነው፣ አገባች ብለህ?»

እኔ ሕግ አክባሪ ሰው ነኝ። ይህ ሐሰት እንደሆነ፣ በመንግሥት ቅጽ ላይ ሐሰት መጻፍ ደግሞ ከባድ እንደሆነ በትሕትና ገለጽኩላቸው። እማማ ዓይኔን ትክ ብለው አዩና፣ «ዕቅዱስ እውነት ነበር?» አሉኝ።

መልሱን እስከ ዛሬም እየፈለግኩ ነው።

ለጋሽ በዛብህ ነገርኳቸው። እሳቸውም «ኃጢአት ከሆነ እኩል እንካፈለዋለን፤ እድር ለምን ሆነና» አሉ። ያስቸገረን ማረጋገጫው ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ሟች የድንኳንና የለቀስተኛ ፎቶ ይጠየቃል፤ ለመጨረሻው ደግሞ ባለሙያው ራሱ መጥቶ ያያል። ስለዚህ አባላቱን መጥራት ነበረብን። ኮንዶሚኒየም ላሉት ስልክ ደወልኩ። የምለውን ቃል ጋሽ በዛብህ ናቸው ያወጡት፦ «እማማ አጸደ አላረፉም። ለቅሶ ግን አለ። ቅዳሜ ድረሱ።»

እንግዲህ ስለ መንግሥት ብዙ ተደንቄያለሁ። የዚያ ቅዳሜ መደነቄ ግን ሌላ ነው፤ ስሙን አላውቀውም። ማንም «ምን ማለትህ ነው?» ብሎ አልጠየቀኝም። ከከተማው ዳር ሦስት ታክሲ እየቀያየሩ መጡ። ጉልበቱ የማያራምደው በልጁ ተደግፎ መጣ። ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ድንኳኑ ተተከለ። ነፍሮው ቀረበ። ቦታው ሞልቶ ሰው ደጅ ቆመ። ይህን የሚያዝ ደብዳቤ አልነበረም። ቅጽም አልተሞላበትም። እማማ አጸደ በእንጨታቸው ተደግፈው ወጡ፣ ያን ሁሉ ሰው አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከለቀስተኛው መሀል ተቀመጡ።

ጋሽ በዛብህ የሕይወት ታሪካቸውን ሲያነቡ «ደግና ትዕግሥተኛ ነበሩ» የሚለው ላይ ደረሱ። «ትዕግሥተኛውን ተወው፣ ደጉን ድገመው» አሉ ሟቿ። ከእሳቸው ጋር በአጥር ተጣልታ ለዓመታት የተኮራረፈች ጎረቤታቸው እዚያው እግራቸው ላይ ወድቃ እያለቀሰች ይቅርታ ጠየቀች። «ተነሺ፣ ነፍሴን ይማር በይ» አሏት።

ባለሙያው የመጣው ከሰዓት ነው። ቀብሩ ጠዋት አልቋል አልነው። ጨዋ ልጅ ስለሆነ ዝም ብሎ ፎቶ አላነሳም፤ መጀመሪያ ገብቶ ተቀመጠ። የት? እማማ አጸደ ጎን!

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እናቴ። ሟቿ ምንዎ ነበሩ?»

«አብሮ አደጌ ናት፣ ልጄ» አሉ እማማ። «አንድ ቀን ተለያይተን አናውቅም።»

«ውይ! ዕድሜያቸው ገፍቶ ነበር?»

«ምን ገፋ! እኔን ነው የምታክለው።»

«ታመው ነበር?»

«ኧረ ደህና ነበረች። ሰኔ ሠላሳ ደረሰባት እንጂ።»

ልጁ አንገቱን ደፋ። «ነፍሳቸውን ይማር» አለ። ከድንኳኑ ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አሜን!» ያሉት እማማ ናቸው። ከዚያ ተነስቶ ፎቶውን አነሳ። አየው፤ ቅር አለው። ተመልሶ መጣና ጎንበስ ብሎ፣ «ይቅርታ እናቴ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ። ፎቶው ላይ ፈገግ ብለዋል፤ ሪፖርቱን ያበላሽብኛል» አላቸው። እማማም ፈቀቅ አሉለት። ልጁ እኮ ምን አጠፋ?

ዕቅዱ መቶ በመቶ ተሳካ። «ሞዴል እድር» የሚል የምስክር ወረቀት መስታወት ተገጥሞለት ተሰጠን። ቤታችን ተረፈች። ከሌሎች እድሮችም ለልምድ ልውውጥ መጥተው እንዴት እንዳሳካነው ጠየቁን። ጋሽ በዛብህ «በሕዝብ ተሳትፎ» አሏቸው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ሐምሌ ላይ በድንኳናችን ጠቅላላ ጉባኤ ጠራን፤ አዲሱ ዕቅድ መጥቶ ነበር። አሥሩን ስላሟላን ወደ አሥራ አምስት አድጓል። ጋሽ በዛብህ ሲያነቡት ሁሉም አንገቱን ደፋ። ያኔ እማማ አጸደ ምስክርነት ልስጥ ብለው ተነሱ።

«ልጆቼ» አሉ፣ «እኔ ከሞትኩ ወዲህ የወረዳ ስብሰባ የጠራኝ የለም። መዋጮ ያለኝ የለም። አጥርሽን አፍርሺ፣ አጥርሽን ቀቢ፣ የቀባሽውን ቀለም ቀይሪ ያለኝ የለም። ባለፈው አንዱ ደብዳቤ ይዞ ሲያንኳኳ ‹ሞታለች› አልኩት። ‹ነፍስ ይማር› ብሎ ደብዳቤውን ይዞ ሄደ። ስንት መንግሥት አይቻለሁ፤ እንደዚህ ተከብሬ ኖሬ አላውቅም።»

ተቀመጡ። መጀመሪያ አንድ እጅ ወጣ። ከዚያ ሦስት። ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ እጅ ሆነ። ሁሉም ሟች ሆኖ መመዝገብ ፈለገ። ጋሽ በዛብህም እጃቸውን አወጡ። ከዕቅድ በላይ ስለሆነ በዕጣ እንዲሆን ተወሰነ። ዕጣው ወጣ፤ አሥራ አምስቱ ዕድለኞች እየተቃቀፉ ሄዱ። እኔ አልደረሰኝም። ተጠባባቂ ነኝ፣ ሃያ ሦስተኛ።

ስለዚህ አደራችሁን፣ ይህን ለማንም እንዳትናገሩ። ወሬው ከተሰማ ከሌላ ሰፈር ሰው ይመጣና ተራዬን ይወስድብኛል።