የአቶ ይፈቀድልኝ ውሻ

ጣሪያው የሚያፈስ መሥሪያ ቤት አለ፤ ሊፍቱ የቆመበትም ሞልቷል፤ አመልካች የሌለበት መሥሪያ ቤት ግን እስከ ዛሬ አልተሠራም። አመልካች ሲባል ከውጭ የሚመጣው ባለጉዳይ አይደለም። እሱስ ምስኪን ተሰልፎ፣ ተቆጥቶ፣ «ነገ ተመለስ» ተብሎ ይሄዳል። ይኼኛው የቤት ነው። ደመወዝ እየተከፈለው ያመለክታል፤ ሲከለከል ያመለክታል፤ ሲፈቀድለትም የተፈቀደበት ቀን ዘግይቷል ብሎ ያመለክታል።

በመንገድ ሥራ ድርጅቱ ውስጥ ይህን ማዕረግ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ተቀናቃኝ የያዙት የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ፣ ክቡር አቶ ይፈቀድልኝ ነበሩ። የእውነት ስማቸው ሌላ ነው። ደብዳቤያቸው ሁሉ «እንዲፈቀድልኝ በትህትና አመለክታለሁ» ብሎ ስለሚያልቅ ሠራተኛው ያወጣላቸው ስም እናታቸው ካወጡላቸው በልጦ ቀረ።

መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው፤ አንዲት መስኮት ነበረችው፤ መስኮቷ የምታየው የጎረቤቱን ግድግዳ ብቻ ነው። እሳቸው መስኮት ይቀየርልኝ አላሉም። የጎረቤቱ ግድግዳ ነጭ እንዲቀባላቸው አመለከቱ። ወደ ምድር ቤት ከሚያወርዱት ደረጃዎች አንዱ ከሌሎቹ በሁለት ጣት ይበልጣል ብለውም አራት ዓመት ጻፉ፤ በመጨረሻ ግንበኛ መጥቶ ሲጠርበው አጠገቡ ቆመው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉት ነበር። ግንበኛው ምን እንደሚያወሩ አልገባውም።

እያንዳንዱ ማመልከቻ ሰባት ምክንያት አለው፤ ተራ ቁጥር የተሰጠው፣ በማስመሪያ የተሰመረ። ከሰባት ያነሰ ለእሳቸው ልመና ነው። ይህ ሁሉ ወረቀት የሚወጣው ሦስተኛ ፎቅ፣ የአስተዳደር ኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ ነው። ኃላፊዋ በዕድሜ ልጃቸው ብትሆን የምትችል፣ ደንብ የምትወድ፣ ልቧ ግን ቶሎ የሚራራ ሴት ናት። የእጅ ጽሑፋቸውን ከሩቅ ስታይ ግንባሯን ይወጋት ነበር።

«ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ይፈቀድልዎ?»

«ኧረ ትንሽ ነገር ናት።»

ሁልጊዜ ትንሽ ነገር ናት። የግድግዳው ቀለምም ትንሽ ነገር ነበረች።

አንድ ሰኞ ጠዋት ግን ወረቀታቸው ሁለት መስመር ብቻ ሆኖ መጣ። «ውሻዬን ይዤ ወደ ሥራ እንድገባ ይፈቀድልኝ። ብቻዋን ስትሆን ታለቅሳለች።» ኃላፊዋ ገልብጣ ጀርባውን አየች። ሌሎቹ ስድስት ምክንያቶች የሉም።

«ጋሼ፣ ደኅና ነዎት?»

ያን ጊዜ ቆመው ነገሯት። ውሻዋ የእህታቸው ነበረች። እህትና ወንድም አንድ ቤት ነው የኖሩት፤ እሳቸው ቢሮ ሲውሉ እህትየው ከውሻዋ ጋር ትውላለች። እህትየው ከሞተች አራት ወሯ ነው። ከዚያ ወዲህ እሳቸው በሩን ቆልፈው ሲወጡ የጀመረችውን ጩኸት ውሻዋ የምታቆመው ማታ ሲገቡ ነው። አከራይዋ ጎረቤት ማረፍ አልቻለም፣ ሕፃን ታሟል፣ ብለው በሁለት ወር ውስጥ ወይ ውሻዋ ወይ እርስዎ ብለዋቸዋል።

«አሥራ አራት ዓመቷ ነው» አሉ። «ማን ይወስዳታል? ብትወሰድስ መቼ ትለምዳለች? እህቴ አደራ ብላኛለች።»

ኃላፊዋን አንጀቷን በላት። ልትረዳቸው ቆርጣ ተነሳች፤ ጥፋቱም የመጣው ከዚሁ ነው። ደንቡን በቃሏ ታውቀዋለች፤ «የግል ችግርን መሠረት ያደረገ ማመልከቻ ለኮሚቴ አይቀርብም» ይላል። ቀይ እስክሪብቶዋን አነሳችና «ብቻዋን ስትሆን ታለቅሳለች» የሚለውን ሰረዘችው።

«የኮሚቴው ሰዎች ይህን ካዩ አንብበው አይጨርሱትም፣ ጋሼ። ለድርጅቱ የምትሰጠውን ጥቅም ይጻፉ።»

«ለድርጅቱ? አርጅታለች እኮ። ጥርስም የላትም።»

«እርስዎ ምክንያት አጥተው ያውቃሉ?»

ሁለቱም ሳቁ። እሳቸው ወረቀቱን በአክብሮት ይዘው ወረዱ።

በማግስቱ ሰባቱ ምክንያቶች ደረሱ። አይጥ መዝገብ እየበላ ስለሆነ ውሻዋ ታባርራለች። ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ የሚጥላቸውን ሠራተኞች ትቀሰቅሳለች። ውሻ በበላበት ይጮኻልና ምሳዋን እዚህ ከበላች ለድርጅቱ ትጮኻለች። አራተኛውን የጻፉት ስለ ሌባ ነው፤ የቀሩት ስለ ጤና፣ ስለ ሥነ ሥርዓትና ስለ ድርጅቱ መልካም ስም ነበሩ። ኃላፊዋ አንብባ «እንዲህ ነው እንጂ!» አለች፤ በኩራትም ወደ ኮሚቴ መራችው።

የመጀመሪያው ኮሚቴ አይጡ ላይ ተጣበቀ። መርዝ ተረጭቷል፤ ውሻዋ መርዙን ብትበላ ማን ይጠየቃል? ሁለተኛው ኮሚቴ ጥበቃዎቹን ጠራ፤ ጥበቃዎቹም ሌባ የምትይዘው እሷ ከሆነች እኛ ምን ልንሠራ ነው ብለው አኮረፉ። ሦስተኛው፣ ነገሩን በዓይናችን እንይ ብሎ ውሻዋን ለፈተና አስጠራ።

የፈተናው ቀን አቶ ይፈቀድልኝ ሱፍ ለብሰው መጡ። ውሻዋ ታጥባ ተበጥራለች፤ አንድ ዓይኗ ደመና የጣለበት፣ አፍንጫዋ የሸበተ ትንሽ ፍጥረት ናት። እግራቸው ሥር ተጋድማ ኮሚቴው ፊት ሁለት ሰዓት ሙሉ አንኮራፋች። ከመዝገብ ቤቱ መደርደሪያ ሥር አንድ አይጥ ወጥቶ በአፍንጫዋ ሥር ሲያልፍ አምስቱም የኮሚቴ አባላት በዓይናቸው ሸኙት። ኃላፊዋም ነበረች፤ የውሻዋን አተኛኘት አይታ ይህች ደግሞ የት ታለቅሳለች ብላ በልቧ መጠርጠሯ አልቀረም። ቃለ ጉባኤው «አመልካቹ ከጠቀሷቸው ሰባት ጥቅሞች አንዱም አልተረጋገጠም» አለ። እውነቱን ነው፤ አንዱም እውነት አልነበረም።

ሁለቱ ወር አለቀ። አቶ ይፈቀድልኝ ሦስተኛ ፎቅ ወጥተው የመጨረሻ ወረቀታቸውን አስቀመጡ። የሥራ መልቀቂያ ነው። ምክንያት የለውም።

«ጋሼ፣ ጡረታዎ እኮ ሦስት ዓመት ነው የቀረው!»

«ምን ላድርግ? ቤት ውዬ ልጠብቃት።»

መልቀቂያ ኮሚቴ አያስፈልገውም። ኃላፊ ከሆነች ወዲህ ባሉት ዘጠኝ ዓመታት ውስጥ ያለ ማንም ፈቃድ እሺ ልትላቸው የቻለችው ይህን ብቻ ነበር። ፈረመች።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ዝም አለ። የደረጃው አምፖል ተቃጥሎ ወር ሙሉ ሰው በጨለማ እየተደናበረ ሲወርድ አንድ ሰው እንኳ አልጻፈም። ኃላፊዋ ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛዋን ታይና ግንባሯ አይወጋትም፤ ይህ ደስ ሊላት ሲገባ ከፋት።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ስለ አምፖሉ ሲያማርሩ «እኚያ የሚጽፉት ሰውዬ የት ሄዱ?» ብለው ጠየቁ። ኃላፊዋ ነገሩን ከሥሩ ነገረቻቸው፤ እህትየውን፣ አከራይዋን፣ ልቅሶውን። ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ታዲያ ለምን እንዲህ ብለው አልጻፉም? እኔው እፈርምላቸው ነበር።»

«የግል ችግር አይቀርብም ይላል፣ ደንቡ።»

«ለኮሚቴ አይቀርብም ነው የሚለው። ቀጥሎ ያለውን አላነበብሽውም?»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ኃላፊዋ ቢሮዋ ገብታ ደንቡን አወጣች። ዘጠኝ ዓመት በቃሏ የምትደግመው ዓረፍተ ነገር ከገጹ መጨረሻ ላይ ነው ያለው። ገጹን ገለበጠች። «በቀጥታ ለሥራ አስኪያጁ ይመራል» ይላል። በመዝገብ ቤቱ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀጥሮ ሳምንት ሆኖታል።

ቅዳሜ አድራሻቸውን ጠይቃ ሄደች። ያለ ደመወዝ የቀድሞው ቤት ስለማይቻል ከተማው ዳር፣ ድንጋይ መፍጫ አጠገብ፣ አንዲት ክፍል ተከራይተዋል። በሩን ከፍተው ሲያዩዋት ፊታቸው በራ፤ የቢሮውን አንቱታም እዚያው ደጃፍ ላይ ጣሉት።

«ልጄ! ግቢ፣ ግቢ! ወንበሯ አንድ ናት፣ አንቺ ተቀመጭ።» ወደ ውሻዋ ዞሩ። «ይቺ ናት የነገርኩሽ። እሷ ባትኖር ሦስት ኮሚቴ ድረስ አንደርስም ነበር።»

ኃላፊዋ መንገዱን ሙሉ ኑዛዜ ስታዘጋጅ ነበር የመጣችው። የሰረዝኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ፤ ገጹን ሳልገልጥ የሰረዝኩት። ይህን ለማለት አፏን ስትከፍት ሻይ ጥደው ነበር።

«ስኳር አልቋል ለካ! ሱቁ እዚሁ ነው፣ መጣሁ።»

በሩ ተዘጋ። ውሻዋ አንገቷን ቀና አደረገች፤ በማታየው ዓይኗም በምታየውም በሩን ፈለገች፤ ከዚያ ጀመረች። ኃላፊዋ የጠበቀችው የውሻ ጩኸት ነበር። ይሄ ግን ገበያ መሃል እናቱ የጠፋችበት ሕፃን ልቅሶ ነው፤ እየረዘመ ይሄድና ትንፋሽ ያጥረዋል፣ እንደገና ይነሳል። ከወንበሩ ወርዳ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከች። ዳበሰቻት፤ አልተወችም። አቀፈቻት፤ አልተወችም። ሰባት ምክንያት አንብባለች፣ ሦስት ቃለ ጉባኤ ፈርማለች፤ ይህን ድምፅ ስትሰማ ግን የመጀመሪያዋ ነው። «ይቅር በይኝ» አለቻት ጆሮዋ ሥር። «እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ደጅ ላይ ኮቴ ሲሰማ ውሻዋ ጸጥ አለች። ሽማግሌው ስኳሩን ይዘው ገቡና ሁለቱን መሬት ላይ አዩዋቸው።

«አስቸገረችሽ እንዴ፣ ልጄ?»

«ኧረ፣ ትንፍሽ አላለችም» አለች ኃላፊዋ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዓይኗን እየጠረገች።