ከፎቶው ጎን ያለችው ምስማር

ከትልቁ ኮሌጅ የተመረቀ ሰው ከስሙ በፊት ኮሌጁን ነው የሚነግራችሁ። ሐኪም ቤት ወረፋ ይዞም ሆነ ከቀብር ሲመለስ፣ ጨዋታውን አዙሮ አዙሮ እዚያ ያደርሰዋል። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ዝም የሚያሰኘው፤ "ልጅዎስ የት ገባ?"

ልብስ ሰፊ ነኝና ብዙዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ ሰው ሲለካ ያወራል። አንዷ ሐኪም ልጇ ሩቅ ያለ፣ ስሙ የማይታወቅ ዩኒቨርሲቲ የገባው "ለአየሩ ብለን ነው" ትላለች፤ ልጁ ግን በር የሚሞላ ጤነኛ ጎረምሳ ነው። አንድ ዳኛ ደግሞ "ለጊዜው ነው" ይላሉ፤ ልጃቸው ሊመረቅ ምንም አልቀረው። እኔ ደብተሬን ገና በልጅነቴ ስለዘጋሁ የት ተማርሽ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም። እሱም አንድ እረፍት ነው።

የሁሉም አለቃ ግን ከሱቄ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት መሐንዲስ ናቸው። በልቤ "ክቡር ምሩቅ" እላቸዋለሁ፤ በአፌ "ኢንጂነር"። እሳቸው "እህት ዓለም" ይሉኛል። ንግግራቸው ሁሉ የሚጀምረው "እኛ እዚያ እያለን" ብሎ ነው። አንድ ጊዜ ቧንቧ ፈንድቶ ደረጃው በውሃ ተጥለቀለቀ። ጎረቤቱ ባልዲ ይዞ ሲራወጥ ክቡር ምሩቅ ሱሪያቸውን ጠቅልለው መሃል ቆሙ።

"እኛ እዚያ እያለን የውሃ ግፊት ያስተማሩን ሰውዬ..."

"ኢንጂነር፣ ውሃውን ይዝጉልና!"

"እሱ እንኳ የቧንቧ ሠራተኛ ጉዳይ ነው።"

ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ጋዎንና ቆብ ያደረጉበት የምረቃ ፎቷቸው አለ። ከጎኑ አንዲት ባዶ ምስማር አለች። ልጃቸው የተወለደች ሰሞን፣ አልጋ እንኳ ሳይገዛላት፣ መዶሻ ይዘው ወንበር ላይ ወጥተው የመቷት ናት። "ምሁሯ ከዚያው ስትመረቅ እዚህ እንሰቅላታለን" አሉ። ያኔ ምሁሯ ገና ጥርስ አላበቀለችም።

እናቷ ቶሎ ስላረፈች፣ ልጅቷ የቤት ሥራዋን የምትሠራው ሱቄ ውስጥ፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ነበር። ማታ ማታ አባቷ ከሥራ ሲመለሱ ይወስዷትና ደረጃውን እየወጡ ያወሩላታል። ሌላው ልጅ ተረት ሲሰማ እሷ ኮሌጅ ሰማች፤ ስለ ደወሉ፣ መሃሉ ተበልቶ ስላለቀው የድንጋይ ደረጃ፣ ኦቾሎኒ የሚበላ ተማሪ ስለሚያሳድዱት የቤተ መጻሕፍት ሽማግሌ።

ፈተናው መጣ፤ ውጤቱ አልበቃም። አውቶቡስ ግማሽ ቀን የሚሄድበት ከተማ አዲስ የተከፈተ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። ኢንጂነር አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻል ነበር። "እሺ" ብቻ አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ "ምሁሯ" ቀረችና "ልጅት" ሆነች፤ ዩኒቨርሲቲውም "ያ ቦታ" ሆነ። ሻንጣዋን ግን ማንም እንዲይዘው አልፈቀዱም፤ እስከ መናኸሪያ ድረስ ራሳቸው ተሸከሙት።

ልትመረቅ ስትቃረብ ለእረፍት መጣች። እኔ የሰፋሁትን መጋረጃ ልሰቅል ወጥቼ ወንበር ላይ ቆሜያለሁ። ለረጅም ዘመን ያልተያዩ የኢንጂነር የኮሌጅ ጓደኛ እንግዳ ሆነው መጡ። ልጅቷ ሻይ ይዛ ስትገባ ብድግ አሉ።

"ይቺ ናታ! አባትሽ በስልክ 'እኛው ጋ ገባችልኝ' ብሎ አብስሮኛል። ንገሪኝ እስቲ፣ ደወሉ አሁንም አለ?"

የመጋረጃው ቀለበት አፌ ውስጥ ነበር፤ ልውጠው ምንም አልቀረኝ። ኢንጂነር ጫማቸውን ያያሉ። ልጅቷ ትሪውን በቀስታ አስቀመጠች።

"አለ፣ ጋሼ። ለምሳ ሲደወል እርግቦቹ አሁንም ተደናግጠው ይነሳሉ።"

"ደረጃውስ?"

"መሃሉ ጎድጉዷል። ዝናብ ሲጥል ውሃ ያቁራል።"

"ያ ሽማግሌስ?"

"እሳቸው አርፈዋል። የተተኩት ግን ይብሳሉ፣ ኦቾሎኒ ገና ከበሩ ነው የሚሸታቸው።"

እንግዳው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "የአባትሽ ልጅ!" ብለው ግንባሯን ሳሟት። ያን ግቢ አንድም ቀን ረግጣው አታውቅም።

እንግዳው ሲሄዱ ኢንጂነር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጅት..."

"ብርጭቆ ልጠብ፣ አባዬ።"

በማግስቱ እረፍቷ ሳያልቅ ሻንጣዋን ይዛ ሱቄ ደጃፍ ቆመች። "አክስቴ፣ እሱ የሚፈልጋትን ልጅ መሆን እችልበታለሁ፤ ሰማሽኝ አይደል? ግን ደከመኝ" አለችኝ። አቅፌ ሸኘኋት።

ለምረቃዋ አባቷን አልጠራችም። እሳቸውም መቼ ነው ብለው አልጠየቁም። እሷ እስኪጠይቁ ትጠብቃለች፣ እሳቸው እስክትጠራ ይጠብቃሉ፤ ቀኑ በመሃል አለፈ። እዚያው ከተማ ሥራ ይዛ ቀረች። ፎቶዋን የላከችው ለኔ ነው፣ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ። ከመኪናዬ በላይ ሰቀልኩት።

በዚያው ሰሞን ኢንጂነር ቁልፉ የተበጠሰ ኮት ይዘው ገቡ። ፎቶውን ሲያዩ ያሉበት ቆሙ። ከዚያ ጥግ ያለችው የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

"እኛ እዚያ እያለን..." ብለው ጀመሩና ተዉት። ይህን ንግግር ሳይጨርሱት ሲቀሩ ሳይ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

ቆይተው፣ "ጋዎኑ ትከሻው ሰፍቷታል" አሉ።

"የኪራይ ነው።"

"እንዲህ ነው እንዴ የምትስቀው?"

"እዚህ ሱቅ ስትሆን ሁልጊዜም።"

መርፌዬን አስቀምጬ፣ "ይውሰዱት እንጂ፣ ኢንጂነር። ምስማሯ እንደሆነ አለች" አልኳቸው።

"አይ፣ እህት ዓለም። ለኔ አልላከችውም።"

በሳምንቱ ሌላ ቁልፍ መጣ። ከዚያ የሸሚዝ፣ ከዚያ የዝናብ ልብስ፣ ይባስ ብሎ የፒጃማ። አርጅቶ የተበጠሰ ክርና በመቀስ የተቆረጠ ክር አይመሳሰሉም፤ እኔ ግን ለሳቸው አልናገርም። ለልጅቷ በስልክ ስነግራት "አሁንም ቁልፍ አላለቀበትም?" ብላ ሳቀች። ከዚያ ግን "መንገዱ ለሱ አይከብደውም ብለሽ ነው?" አለችኝ።

ይህን እንዳለ ነገርኳቸው። ኮታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ።

"ዩኒቨርሲቲው ወዳለበት ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ ጠዋት ነው የሚነሳው?" አሉ። "ያ ቦታ" አላሉም።

"በየቀኑ ጠዋት።"

"እንግዲህ ይህቺን ቁልፍ ካጠበቅሽልኝ በኋላ..."

አጠበቅኩላቸው። ለመንገድ ይሁናቸው ብዬ በወፍራም ክር ደጋግሜ ቋጠርኩ። አመስግነው ወጡ። ደረጃውን ሲወጡ፣ በራቸው ሲዘጋ ሰማሁ። በሳምንቱ፣ አውቶቡሱን ሳይሳፈሩ፣ ያንኑ ኮት ይዘው፣ ቁልፉን በመዳፋቸው ጨብጠው፣ እንደ ጥፋተኛ ልጅ ደጃፌ ላይ ቆሙ።

ተቀበልኳቸው። ሌላ ሰው እዚያች ጥግ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ግን "ይቅርታ፣ ተይዟል" እያልኩ አስነሳለሁ። ፎቶው ደህና አድርጎ የሚታየው ከዚያ ነው።