መንገድ የማይጠይቀው ጋሽ ደርቤ

በየአገሩ መንገድ ከመጠየቅ ገደል መግባት የሚመርጥ አንድ ወንድ አይጠፋም። የደባርቁ ለየሺወርቅ ወጥቶላታል፤ ባሏ ነው።

ክቡር ጋሽ ደርቤ ባንገቱ ከማተቡ ጋር ኮምፓስ ሳያንጠለጥል፣ በእጁም ስልኩን ሳያበራ፣ ከደጁ ወለል ብሎ ወደሚታየው ገበያ እንኳ አይሄድም። «ሰው ይሳሳታል፤ ሳተላይት አይሳሳትም» ይላል።

ዳባት ለቅሶ ሲሄዱ ሳተላይቱ ከማያውቁት ሰው ድንኳን አስገባቸው። ነገሩ ለየሺወርቅ የገባት አልቅሳ፣ ንፍሮውን ቀምሳ ነው።

«ሰው ሞቷል አይደል? ታዲያ ምን ጎደለ?» አላት።

ለመሪጌታ ገብረ ሚካኤልም መቅደሱ ከምሥራቅ ትንሽ ዘንበል ማለቱን ነግሯቸዋል።

«ልጄ፣ ፀሐይዋ ቅር ካላላት አንተን ምን ቸገረህ?» አሉት።

ባለፈው ነሐሴ ከየሺወርቅ እህት ቤት ሲመለሱ ገደሉ አፋፍ ላይ ጉም ወረደባቸው። እንጨት የተሸከመች ሴት፣ «በላይ በላዩን ሂዱ እናንተዬ! የታችኛውን መንገድ ናዳ ወስዶታል» አለቻቸው። ጋሽ ደርቤ አልቆመም፤ ከስልኩ የምትናገረው ሴት ወደ ታች ብላዋለች። የሺወርቅ ባለ እንጨቷን አመስግና ዞር ስትል ባሏ የለም።

ጉም ውስጥ የሚጣራ ሁሉ ሰው አይደለም ይባላል። ሦስት ጊዜ ካልተጠሩ «አቤት» አይባልም። ይህን እሱም ያውቃል።

«ደርቤ!»

ዝም።

«አንተ ደርቤ!»

ድንጋይ ተንከባለለ። ሲያርፍ አልሰማችም። ቀጥሎ ከእግሯ ሥር፣ ከገደሉ ውስጥ፣ ያቺ የስልኩ ሴት ረጋ ብላ ተናገረች፤ «ደርሰዋል።»

የሺወርቅ ሦስተኛውን መጣራት ፈራች። ከዚያ ወዲያ ዝም ቢል ሌላ ምክንያት አይኖረውማ።

«ደርቤ!»

«የሺ…» ድምፁ ቅርብ ነው። «ስልኩ አመለጠኝ። ከፊቴ መሬት የለም። መንገዱ… በየት ነው?»

በትዳራቸው መንገድ ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነበር። የምትለው ጠፋት፤ ዝም ካለች ደግሞ እሱ ራሱ ሊጠፋ ነው። ስለዚህ ጀመረችው። ዘግይቶ ከመጣበት ከሠርጋቸው ቀን ተነሥታ፣ የመሪጌታን መቅደስ፣ የዳባትን ንፍሮ እየቆጠረች ነዘነዘችው። እሱም በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ንዝንዙን ተከትሎ መጣ፤ ቀሚሷንም ጨምድዶ ያዘ።

ቤት ሲገቡ ትንፋሹ ተመልሶለት ነበር። «ደርሰዋል አለችኝ፤ ዞር ብል አንቺ። ታዲያ ተሳሳተች?»

ዛሬም ጉም በወረደ ቁጥር የሺወርቅ ደጅ ወጥታ ባሏን ጮክ ብላ ትወቅሳለች። አላፊ አግዳሚው «ደግሞ ተጣሉ» እያለ ያዝንላቸዋል። ጋሽ ደርቤ ግን ኮምፓሱን ሸሚዙ ውስጥ ሸጉጦ፣ በወቀሳዋ በኩል አድርጎ ቤቱ ይገባል።